ስኳር ከፍሎ ናይትሮጂን መግዛት፤ የነፍሳት በል ዕፅዋት ጥበብ

አባቶቻችን «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላሉ። ምሳሌው ኃይል የሌለው ብዛት ከንቱ መሆኑን ያስተምራል። እኔ ግን ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማቀርበው ስለ ሌላ ዓይነት ጋን ነው፤ ይኸውም አፉ ዘወትር ክፍት ሆኖ ዝንቡን «ግባ» የሚል፣ ከገባ በኋላ ግን የማይለቅ ጋን ነው። ሠሪው ሸክላ ሠሪ ሳይሆን ተክል ነው፤ በአፉም ዙሪያ የተቀባው ስኳር ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ስሕተቴ ነው። ባለፈው ዓመት በባዮሎጂ ፈተና ላይ «አንዳንድ ዕፅዋት ዝንብና ጉንዳን የሚይዙት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። እኔም ሳላመነታ «ኃይል የሚሰጣቸውን ምግብ ለማግኘት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ በመልሴ ላይ የቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሠርቶበት፣ ከጎኑም «ታዲያ አረንጓዴ የሆኑት ለምንድን ነው?» የሚል የመምህራችን ጽሕፈት አገኘሁ። ያ ስሕተት ሁለት ነጥብ አስከፍሎኛል፤ ነገር ግን ከሁለት ነጥብ የሚበልጥ ትምህርት ሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን እነሆ በአጭሩ አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተክሉ ሀብትና ድኽነት

አረንጓዴ ቅጠል የስኳር ፋብሪካ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያስገባል፤ ውሃን በሥሩ ይስባል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይልም ሁለቱን አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። እንግዲህ አየር፣ ውሃና ብርሃን እስካለ ድረስ ተክሉ ኃይል የሚሰጥ ምግብ አያጣም። መምህራችን «ታዲያ አረንጓዴ የሆኑት ለምንድን ነው?» ያሉት ስለዚህ ነበር። ራሱ ስኳር የሚሠራ ፍጥረት ኃይል ፍለጋ ዝንብ አያድንም።

አሁን ይህን ስኳር በኬሚስትሪ ዓይን እንመልከተው። በሻያችን የምንጨምረው ስኳር በሳይንስ ስሙ ሱክሮስ ይባላል። አንዱ የሱክሮስ ሞሌኪዩል 12 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጂንና 11 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። እነዚህን ሦስት ስሞች ልብ እንበል፤ ከመካከላቸው ናይትሮጂን የለም። የዚህ ጽሑፍ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ናይትሮጂን የሌለው ሕይወት የለም። ፕሮቲን ሁሉ ናይትሮጂን ይፈልጋል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል እንኳ በእያንዳንዱ ሞሌኪዩሉ ውስጥ 4 የናይትሮጂን አቶሞች አሉት። በአካባቢያችን ካለው አየር ከመቶው 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጂን ነው፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ በሦስት እጥፍ ማሠሪያ የተቆራኘ ስለ ሆነ፣ ዕፅዋት በራሳቸው ኃይል ሊፈቱት አይችሉም። ስለዚህ ተክል በናይትሮጂን ባሕር ውስጥ ቆሞ ናይትሮጂን ይራባል። የሚያገኘው በአፈር ውስጥ በውሃ ሟምቶ ሲቀርብለት ብቻ ነው።

ነፍሳት በል ዕፅዋት በብዛት የሚገኙት ይህ ሟሚ ናይትሮጂን በጠፋበት ሥፍራ ነው። ይኸውም ውሃ በተኛበት ረግረግ፣ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ባራቆተው ተራራና አሸዋማ ሜዳ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ፀሐይና ውሃ ሞልቷል፤ ስለዚህ ስኳር መሥራት ርካሽ ነው። ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ግን እጅግ ውድ ናቸው። በአንጻሩ የዝንብ ወይም የጉንዳን ገላ ሲደርቅ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። እንግዲህ ስኳር የተረፈው፣ ናይትሮጂን የቸገረው ተክል፣ ናይትሮጂን ተሸክሞ በአጠገቡ የሚያልፍ ነገር ግን ስኳር የሚወድ ነፍሳት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ገበያ ይከፍታል።

ጣፋጩ ፈሳሽ

በአበባ ውስጥ ያለውንና ንቦች የሚቀስሙትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊቃውንት ኔክታር ይሉታል። ኔክታር በብዛት ውሃ ሲሆን በውስጡ ሦስት ዓይነት ስኳር ይገኛል፤ እነርሱም ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ናቸው። ከዚህም ሌላ አሚኖ አሲድ የሚባሉት የፕሮቲን ጡቦች በጥቂቱ ይገኙበታል። ንብ ኔክታሩን ወስዳ በምራቋ ባለው ኢንዛይም ሱክሮሱን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ትከፍለዋለች፤ ውሃውንም በክንፏ እያራገበች ታተነዋለች። ከመቶው የውሃው ድርሻ 20 እጅ ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ማር ሆነ ማለት ነው።

ኔክታር ግን በአበባ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ገንቦ የሚመስል ቅጠል ያላቸው ዕፅዋት፣ ማለት የደቡብ ምሥራቅ እስያው ኔፔንቴስና የሰሜን አሜሪካው ሳራሴኒያ፣ በገንቦው ከንፈርና በክዳኑ ላይ ኔክታር ያመነጫሉ። ቅጠሏን እንደ መጽሐፍ የምታጥፈው ዲዮኔያም በቅጠሏ ጠርዝ ላይ ታመነጫለች። የአበባው ኔክታር ንብን ለአገልግሎት የሚቀጥር ደመወዝ ሲሆን፣ የወጥመዱ ኔክታር ግን የመንጠቆ ማታለያ ነው። ለሁለቱም የሚወጣው ወጪ በአብዛኛው ካርቦን፣ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ብቻ ነው። ተክሉ የሚከፍለው ከተረፈው እንጂ ካጠረው አይደለም።

ዳርዊን ለቅጠል ያቀረበው ግብዣ

ይህን ነገር በፈተና ካረጋገጡት ሰዎች መካከል ፊተኛው ቻርልስ ዳርዊን ነው። በ1875 ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። በተለይ የመረመራት ድሮሴራ የምትባለውን ትንሽ ተክል ነው። የድሮሴራ ቅጠል በጸጉር የተሸፈነ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጸጉር ጫፍ ላይ ጤዛ የምትመስል ጠብታ ታበራለች። ይህች ጠብታ ኔክታር ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ ዝንብን አጣብቃ የምታስቀር ሙጫ ናት። የሚያስገርመው ግን ሙጫዋም የተሠራችው እንደ ሰንሰለት ከተያያዙ ስኳሮች መሆኑ ነው።

ዳርዊን በቅጠሎቹ ላይ ልዩ ልዩ ፈሳሾችን በጠብታ አደረገ። ከአንድ ወገን የስኳር ውሃ፣ የስታርች ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ሻይ ነበሩ፤ ከሌላው ወገን ወተት፣ የእንቁላል ነጭና የሥጋ ውሃ ነበሩ። ለፊተኞቹ ቅጠሉ ዝም አለ። ለኋለኞቹ ግን ጸጉሮቹ ጎንበስ ብለው ጠብታውን ከበቡት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ናይትሮጂን ያለበት ፕሮቲን አላቸው። ስኳር ግን የለውም። ቅጠሏ እንደ እኔ በፈተና አልተሳሳተችም፤ የሚያስፈልጋትን ለይታ ታውቃለች። በኋላም ልጁ ፍራንሲስ ዳርዊን በ1878 ባወጣው ጥናት፣ ሥጋ የተመገቡት ድሮሴራዎች ካልተመገቡት ይልቅ ብዙ አበባና ብዙ ዘር እንደ ሰጡ አሳየ።

የሚያዳልጠው ከንፈር

ኔክታር ማታለያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በኔፔንቴስ ገንቦ ላይ ስኳር ሌላም ሥራ አለው።

የገንቦው ከንፈር ለዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቦዮች የተሰመረ ነው። ከንፈሩ ደረቅ ሲሆን ጉንዳን ያለ ችግር ይራመድበታል፤ ኔክታሩን ጠጥቶም በሰላም ይመለሳል። ከንፈሩ ሲርስ ግን ውሃው በቦዮቹ እየተሳበ በስሱ ይነጠፋል። የጉንዳን እግር የሚጣበቅበት ንጣፍ ከውሃው በላይ ስለሚቀር የሚይዘው ያጣል፤ ጉንዳኑም አዳልጦት ወደ ገንቦው ይወርዳል። ይህን በ2004 ያሳዩት ቦንና ፌደርለ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው።

ታዲያ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ከንፈሩን የሚያርሰው ማን ነው? እዚህ ላይ የስኳር ኬሚስትሪ ይገባል። አንዱ የሱክሮስ ሞሌኪዩል 8 ሃይድሮክሲል አለው፤ ሃይድሮክሲል ማለት የተያያዙ አንድ ኦክሲጅንና አንድ ሃይድሮጂን ማለት ነው። ይህ ጥንድ የውሃን ሞሌኪዩል እንደ ማግኔት ይስባል። ስለዚህ በከንፈሩ ላይ የደረቀው ኔክታር አየሩ እርጥበት ባገኘ ጊዜ ውሃውን ከአየር እየሳበ ወደ ራሱ ይሰበስባል። ባወርና ባልደረቦችዋ በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ኔክታሩ ከንፈሩ እንዲርስ እንደሚረዳ አሳይተዋል። እንግዲህ አንዱ ስኳር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በደረቅ ጊዜ ይጠራል፣ በእርጥብ ጊዜ ይጥላል።

አንድ ሰው «ከንፈሩ ሁልጊዜ የሚያዳልጥ ቢሆን ለተክሉ አይሻልም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ በ2015 በወጣው በእነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላ ጥናት ላይ ይገኛል። አንዳንዶቹን ገንቦዎች ያለ ማቋረጥ አርሰው ቢያቆዩዋቸው፣ ጉንዳን በጅምላ መያዙ ቀረ። ምክንያቱም ጉንዳኖች አስቀድመው ቃኚ ይልካሉ። ቃኚው ከሞተ ወሬ የሚያደርስ የለም። ቃኚው ግን ጠጥቶ በሰላም ቢመለስ ወገኖቹን ሁሉ አስከትሎ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ከንፈሩ ከራሰ ብዙዎቹ በአንድነት ይወድቃሉ። ተክሉ አሳብ የለውም፤ ነገር ግን የአየሩ መለዋወጥ ከስኳሩ ጠባይ ጋር ተስማምቶ ታላቅ ጥቅም ያስገኝለታል።

ከገንቦው በታች ያለው ፈሳሽ ኮምጣጣ ነው። በውስጡ ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኔፔንቴሲን የሚባል ኢንዛይምና የነፍሳትን ቅርፊት የሚሰባብር ሌላ ኢንዛይም አለ። ከዚህም በኋላ አሚኖ አሲዱንና ሌላውን ናይትሮጂን ያለበትን ነገር የገንቦው ግድግዳ ይመጠዋል። ክፍያው በስኳር፣ ርክክቡ በናይትሮጂን ሆነ ማለት ነው።

ቀለም ነው ወይስ ስኳር?

ብዙ የሳራሴኒያ ገንቦዎች ቀይ መስመር አላቸው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ነፍሳትን የሚስበው ቀይ ቀለሙ ነው ይባል ነበር። ቤኔትና ኤሊሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን አባባል ሳይፈትኑ አልተቀበሉትም። ሰው ሠራሽ ገንቦዎች አዘጋጅተው ከፊሎቹን ቀይ፣ ከፊሎቹን አረንጓዴ ቀቡ፤ ከሁለቱም ወገን አንዳንዶቹን ጣፋጭ ሲያደርጉ ሌሎቹን ያለ ጣፋጭ ተዉአቸው። በ2009 ያስታወቁት ውጤት፣ ነፍሳቱን የሳበው ቀይ ቀለሙ ሳይሆን ስኳሩ መሆኑን አመለከተ። ከዚህ የምንማረው፣ ለዓይናችን የጎላ ነገር ሁሉ ዋና ምክንያት አለመሆኑን ነው።

ሳይገድል የሚገዛ ገንቦ

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በቦርኔዮ ደሴት ተራሮች ላይ የሚበቅለው ኔፔንቴስ ሎዊ ነው። ይህ ተክል ሲያድግ የሚያወጣቸው ገንቦዎች ጉንዳን ለመያዝ እምብዛም የተመቹ አይደሉም። በክዳኑ ሥር ግን ብዙ ጣፋጭ ነገር ያመነጫል። በዚያ አገር ቱፓያ የሚባል ዛፍ ላይ የሚወጣ ትንሽ አጥቢ እንስሳ አለ፤ ይህ እንስሳ በገንቦው አፍ ላይ ተቀምጦ ከክዳኑ ሥር ያለውን ይልሳል። ከክዳኑ እስከ አፉ ያለው ርቀት ከእንስሳው ቁመት ጋር የተስማማ ስለ ሆነ፣ ሲልስ ጀርባው በትክክል ከገንቦው አፍ በላይ ይሆናል። እየላሰም ሳለ ፋንድያውን በገንቦው ውስጥ ይጥላል።

ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳስታወቁት፣ በዚህ ተክል ቅጠል ውስጥ ካለው ናይትሮጂን ከመቶው ከ57 እስከ 100 እጅ የሚሆነው የሚመጣው ከዚሁ ፋንድያ ነው። እንስሳው ጠግቦ ይሄዳል፤ ተክሉ ማዳበሪያውን ያገኛል፤ የሞተም የለም። ከዚህ የበለጠ የጽሑፌን አሳብ የሚያስረዳ ምስክር አላገኘሁም። ተክሉ የሚፈልገው ሞትን ሳይሆን ናይትሮጂንን ነው፤ ሳይገድል ካገኘው አይገድልም።

የባቄላችን ምሥጢር

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ንግድ በአገራችን ማሳ ውስጥም ይካሄዳል። ገበሬው አባታችን በአንድ መሬት ላይ እህል ደጋግሞ ከዘራ በኋላ መሬቱ ሲደክምበት ባቄላ ወይም ሽንብራ ይዘራበታል። የባቄላን ሥር ነቅለን ብናይ በላዩ ላይ ትንንሽ እባጮች እናገኛለን። በእባጮቹ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነርሱ የአየሩን ናይትሮጂን ሦስት እጥፍ ማሠሪያ የመፍታት ችሎታ አላቸው፤ ለሥራቸውም ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። ባቄላው በቅጠሉ ከሠራው ስኳር የተገኘውን ምግብ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ናይትሮጂን ይመልሱለታል። የሰው ልጅ በፋብሪካ ይህንኑ ማሠሪያ ለመፍታት ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከመቶ እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ያስፈልገዋል፤ የባቄላ ሥር ግን በአፈር ሙቀት ይፈጽመዋል።

እንግዲህ ኔፔንቴስና ባቄላ ጎረቤት ባይሆኑም የያዙት ሒሳብ አንድ ነው። አንዱ ስኳሩን ለጉንዳን፣ ሌላው ለባክቴሪያ ይከፍላል። ሁለቱም የሚገዙት ያንኑ ዕቃ ነው።

ናይትሮጂን ሲበዛ

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ናይትሮጂን በነጻ የተገኘ እንደ ሆነ ተክሉ ገበያውን ሊዘጋ ይገባዋል። የሆነውም ይኸው ነው። ኤሊሰንና ጎቴሊ በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን አሜሪካ ረግረግ ለሚበቅለው ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ ናይትሮጂን ቢጨምሩለት፣ ተክሉ ገንቦውን እያጠበበ ጠፍጣፋ ቅጠል ማውጣት ጀመረ። ጠፍጣፋው ቅጠል ዝንብ አይዝም፤ ስኳር ለመሥራት ግን ይበልጥ የተመቸ ነው።

ነገሩ ግን የሚያስደስት ብቻ አይደለም። ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከማዳበሪያ የሚወጣው ናይትሮጂን ወደ አየር ወጥቶ ከዝናብ ጋር በረግረጉ ላይ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ሌሎች ፈጥነው የሚያድጉ ዕፅዋት መጥተው ሥፍራውን ሊወርሱት ይችላሉ። በድኽነት ለመኖር ታላቅ ጥበብ የተማረ ተክል፣ ባልለመደው ብልጽግና ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ነገር ማሰብ የእኛም የተማሪዎች ፈንታ ይመስለኛል።

በቤት ሊሞከር የሚችል ፈተና

ኔፔንቴስን ለማየት ባንታደልም የስኳሩን ጠባይ በቤታችን ልንፈትነው እንችላለን። በክረምት አንድ ማንኪያ ማር በሰፊ ሳሕን ላይ በስሱ ዘርግተን በቤተ ሙከራ ሚዛን እንመዝን። ጉንዳን የማይደርስበት፣ አየሩ ርጥብ የሆነበት ሥፍራ አሳድረን በማግሥቱ እንደገና እንመዝን። ክብደቱ ጨምሮ ብናገኘው፣ የጨመረው ከአየር የተሳበ ውሃ ነው። እናቶቻችን የማሩን ዕቃ አፉን አጥብቀው የሚያሽጉት፣ ክፍት የተተወ ማር ውሃ ስቦ እንደሚቀጥንና እንደሚፈላ ከእኛ መጽሐፍ በፊት ስለሚያውቁ ነው። የኔፔንቴስ ከንፈር ምሥጢርም በየቤታችን ጓዳ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ያ የፈተና ጥያቄ ዛሬ ቢቀርብልኝ እንዲህ ብዬ እመልስ ነበር፤ «እነዚህ ዕፅዋት ነፍሳትን የሚይዙት ኃይል ለማግኘት አይደለም፤ ኃይሉን ከፀሐይ ያገኙታል። የሚይዙት በአፈራቸው የሌለውን ናይትሮጂን ለማግኘት ነው። ለዚያም ከአየርና ከውሃ የሠሩትን፣ ናይትሮጂን የሌለበትን ስኳር ይከፍላሉ።»

ጓደኞቼ ሆይ፣ እያንዳንዳችን የተረፈን ነገርና የቸገረን ነገር አለ። አንዱ ሒሳብ ያውቃል፣ ሌላው ቋንቋ፤ አንዱ ጉልበት አለው፣ ሌላው ጊዜ። ተክል እንኳ በተረፈው የጎደለውን መግዛት ካወቀ፣ እኛ ያለንን አካፍለን የሌለንን መማር አያቅተንም። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበትን መልሳችንንም አንጣለው፤ አንዳንድ ጊዜ ከትክክለኛው ይልቅ እርሱ ብዙ ያስተምራልና።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ